ለጠርጥር ያፈሰስኩት ዘቢብ

ጠርጥርን የገደልኩት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ልማዴ አይደለም፤ የሄድኩት በዚያ አንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ የዚያንም ዋጋ የከፈለው ሌላ ሰው ነው።

ጠርጥር ውሻ ነበር። ጌታው አያ ቸሩ ናቸው፤ ከሽንፋ ወዲህ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ ሽማግሌ፤ አባታቸው ከደጋ ወርደው ቆላውን ካቀኑት አንዱ ነበሩ። ስሙን ያወጡለት «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ብለው ነው። እሱም ስሙን አላሳፈረም፤ ከሠራተኛው ግማሹን እንደ ሌባ፣ ግማሹን እንደ ጅብ ያይ ነበር። እኔን ብቻ አይጠረጥርም።

እኔ ውባንች እባላለሁ፤ የእርሻው ወጥ ሠሪ ነኝ። ለአረምም ለአጨዳም ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱ አርባ የሚሆኑ ሠራተኞች ከእኔ እጅ ነው የሚበሉት። ምላሷ ስለታም ነው ይሉኛል። አርባ ወንድ በአንድ ሰዓት ራበኝ እያላት ምላሷ የማይሳል ሴት ካለች ትምጣና ታሳየኝ። ጠርጥር ግን ወጡ ቀጠነ፣ እንጀራው ኮመጠጠ ብሎ አያውቅም። የሰጡትን በልቶ ማድቤቴ ደጃፍ ይተኛል። አምና ከውሃው በርሜል ሥር እባብ ተጠምጥሞ ሳለ፣ እጄን ልሰድ ስል ጮሆ ያስጣለኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ከድስቴ የሚተርፈው ሁሉ የእሱ ነበር።

ነገሩ የመጣው በስለት ነው። ክረምት ላይ ልጄን መቅዲን ወባ ጥሏት መተማ ዮሐንስ ሆስፒታል ሦስት ቀን ሰው መለየት አቅቷት ተኛች። ከራስጌዋ ተቀምጬ፣ ልጄን ካተረፍክልኝ ለኅዳር ሚካኤል ግማሽ ኪሎ ዘቢብ አገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ተረፈች። ጥቅምት ላይ ከሱዳኗ ገላባት እየተሻገረ ተምርና ዘቢብ ከሚሸጠው ከሳጂድ ምርጡን ገዛሁ፤ በፌስታል ጠቅልዬም ከጎጆዬ ጣሪያ ሥር ሰቀልኩት። ለቅዳሴ የሚጨመቅ ነው ብዬ አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀመስኩም።

በጥቅምት ማለቂያ፣ እሁድ ጧት ሳወርደው አይጥ ቀዶታል። የፌስታሉ አንድ ጥግ ተቦጭቋል፤ ከውስጡ ጥርስ ያረፈበት ዘቢብ አለ፣ የአይጥ ኩስም አለበት። ከንዴቴ ብዛት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አይጥ አፉን የነካውን ቤተ መቅደስ አይቀበለውም፤ ይህን ለማወቅ ቄስ መሆን አያስፈልግም። እኔ እንዳልበላው የሚካኤል ነው። ለሠራተኛው እንዳልሰጥ ደግሞ፣ የተሳልኩትን ሳላገባ ለሰው ማብላት ይሆንብኛል። ልድፋው ብል የመጣ የሄደው ይረግጠዋል። ቄስ በቅርብ ቢኖር እጠይቅ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ ድስቴም ተጥዷል።

በዚህ መሀል ጠርጥር መጥቶ እግሬ ሥር ተቀመጠ። ውሻ ስለት የለበትም፣ ጾም የለበትም፣ ኃጢአትም አይቆጠርበትም። ሰው ከሚረግጠው፣ በደል የሌለበት ይብላው አልኩና በጣሳ ክዳን አፈሰስኩለት። ጣፋጭነቱን ወዶ ክዳኑን ሳይቀር ላሰ። ከፌስታሉ ሥር እፍኝ የማይሞላ ቀረ፤ እሱንም ነገ እሰጠዋለሁ ብዬ አስቀመጥኩት። ቀለለኝ። እንዲያውም መላ አዋቂ የሆንኩ መሰለኝ።

ሰኞ ሲነጋ ያስመልሰው ጀመር። ከማድቤቱ ኋላ ሄጄ ሳይ፣ ዘቢቡ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ተዘርግፏል። ሆዱ እንቢ አለው አልኩ እንጂ ክፉ ነገር አላሰብኩም። ያሰብኩት የሚያየኝን ሰው ነው። ስለቷን ለውሻ አበላች መባልን ፈራሁ። ዙሪያዬን አየሁና በእግሬ አፈር ገፍቼ ከደንኩት። ዘቢቡን መስጠቴን እግዜር ይቅር ይለኝ ይሆናል፣ አላወቅሁምና። የአፈሯን ነገር ግን አውቄ ነው ያደረግሁት።

ረፋዱ ላይ አያ ቸሩ ውሻቸው ከተኛበት እንደማይነሳ አይተው ለያረጋል ደወሉ። ያረጋል በሞተር ሳይክል እየዞረ የቆላውን ከብት የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ነው። ምን እንደበላ ጠየቃቸው መሰለኝ፣ ስልኩን ከጆሯቸው ነቅለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ውባንች፣ ትናንት ምን በላ?»

አጠገባቸው አራት አምስት ሠራተኛ ቆሟል።

«እንደ ወትሮው ነው አያ፤ ፍርፋሪ» አልኩ።

ያረጋል ውሃ ስጡት፣ ጥላ ሥር አድርጉት፣ እንደተመቸኝ እመጣለሁ አለ። የተመቸው ረቡዕ ነው። እስከዚያ ጠርጥር እህል ተወ፣ ቀጥሎ ውሃ ተወ፣ በመጨረሻ ሽንቱም ቆመ። ስጠራው ጅራቱን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መታ ያደርግና ይተወዋል። አያ ቸሩ ሥራ ፈትተው አጠገቡ ተቀምጠው ዝንብ ያባርሩለት ነበር። ውሻ ታቅፎ የሚውል ሽማግሌ በሌላ ጊዜ ባይ ኖሮ አሾፍ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ዓይናቸውን ማየት ከበደኝ፣ ለምን እንደሆነም ገና አላወቅሁም ነበር።

ያረጋል መጥቶ ሆዱን ዳሰሰ፣ አፉን ከፍቶ አሸተተ፣ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል አለ። የተባይ መድኃኒት የት ነው የምታስቀምጡት ብሎ ጠየቀ። መርዝ ይመስላል አለ።

መርዝ የምትለዋ ቃል እንደወጣች የሁሉም ዓይን አንድ ሰው ላይ ዐረፈ። አንዱአምላክ ይባላል፤ ከጎጃም የመጣ፣ ዝምተኛ፣ በማጭዱ የማይታማ ወጣት። ከሁለት ሳምንት በፊት ጠርጥር ባቱን ነክሶት ነበር። ደሙ እየወረደ «ይኸ ውሻ አንድ ቀን የእጁን ያገኛል» ሲል ሰው ሁሉ ሰምቷል። ቁስሉን ያጠብኩለት እኔ ነኝ፤ የተናደደ ሰው ስንት ይናገራል ብዬ ከጆሮዬ አላስገባሁትም። ነሐሴ ላይ ሰሊጡን ትል ሲበላው መርጫውን ያዘለውም እሱ ነበር። ከዚህ በላይ ምስክር ማን ይፈልጋል?

እኔ ግን ያ ያበጠ ዘቢብ ዓይኔ ላይ መጣ። ያረጋል ቦርሳውን ሞተሩ ላይ ሲያስር ተከትዬው ሄድኩና፣ ሰው የሚበላው ሆኖ ውሻን የሚጎዳ ነገር አለ እንዴ አልኩት፣ እንደ ዋዛ። ማስተማር ይወዳል። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም ሲበዛ ደሙን ያበላሸዋል አለ። ከማዶ የሚመጣው ቸኮላት ልቡን ያስመታዋል፤ ያልተጋገረ ሊጥ ሆዱ ውስጥ ይነፋበታል፤ የጠላ አተላ ያሰክረዋል፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት አንጀቱን ይወጋዋል። ዘቢብ አላለም። እፎይ ልል ስል ሞተሩን አስነሳና ዞር አለ።

«ለካ ዋናውን ረስቼዋለሁ። ዘቢብ! አንዱ ውሻ በልቶ ምንም አይሆንም፣ ሌላው በሁለት በሦስት ቀን ኩላሊቱ ይዘጋል። የዚያኑ ዕለት ከተነገረን ግን አስመልሰን፣ ግሉኮስ ሰጥተን እናተርፈዋለን። ምነው ጠየቅሽኝ?»

«እንዲያው ነው» አልኩት።

ለከብት ክትባት ዘመቻ ወደ ሳንጃ መታዘዙን ነግሮኝ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ጠርጥር ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። አያ ቸሩ ማንንም ሳያስነኩ ራሳቸው ቆፍረው ቀበሩት።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ሠራተኛው እንደ ልማዱ ስድስት ስድስት ሆኖ ትሪውን ከበበ። አንዱአምላክ እጁን ታጥቦ ከጓደኞቹ መሀል ሲቀመጥ፣ መጀመሪያ የተነሳው ማሩ ነው። ማሩ የአገሩ ልጅ፣ በአንድ መኪና ተጭነው አብረው የወረዱ ናቸው። መርዝ የያዘ እጅ ከገባበት ትሪ አልበላም አለ። ሌሎቹ አራቱ ተከትለውት ተነሱ። አንዱአምላክ ከትሪው ፊት ብቻውን ቀረ። አልነካሁትም አለ አንድ ጊዜ፤ የሚሰማው አልነበረም። የቆረሰውን ጉርሻ አልጎረሰውም፣ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ ለእሱ ለብቻው በድስት ክዳን አቅርቢ ተባልኩ። አቀረብኩ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። በቆላ ሌባ ይታለፋል፣ ሰካራምም ይታለፋል። መርዘኛ የተባለ ሰው ግን ከሳንጃ እስከ መተማ የሚያስጠጋው እርሻ የለም፤ ሠራተኛ ሁሉ ከአንድ ትሪ የሚበላ ነዋ። ወሬው ደግሞ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል። ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ። የወጥ ሠሪዋ እጅ ውሻ ገደለ ከተባለ ድስቴን ማን ይቀርበዋል? በዚህ ድስት ነው መቅዲን ያሳደግኋት። ሐሙስ ጧት እሳቱ ሲያያዝ ያን የተቀደደ ፌስታል ከነተረፈው ዘቢብ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ምን ተቃጠለ ብሎ ለጠየቀኝ፣ ሽንኩርት አርሮብኝ ነው አልኩ። ውሸት አንዴ ከተጀመረ እንዴት እንደሚቀል ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ዓርብ ምሳ ላይ አንዱአምላክ ክዳኑን ይዞ ሲመጣ ወጡን አብዝቼ ጨለፍኩለት። ሕሊና በወጥ የሚደለል ይመስል። አመሰገነኝ፤ ከዚያ አልሄደም፣ ቆመ።

«ለብቻ መብላቱስ ግድ የለም እትዬ» አለኝ። «ማሩ ግን አገር ሲገባ ለናቴ ይነግራታል። እሷ ጎረቤት ጠርታ የምታበላ ሰው ናት። ከእንግዲህ ማን ቤቷ ይቀምሳል?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ኋላው ማሩ ተሰልፎ ቆሟል፣ ከማሩ ኋላ ደግሞ ሠላሳ ሰው። ጭልፋውን አነሳሁና ማሩን ቀጥል አልኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እውነት ግን ባደረ ቁጥር ሻገተብኝ።

ቅዳሜ ጧት ሠራተኛው ማጭዱን ጥሎ ተቀመጠ። ወይ እሱ ይሂድ ወይ እኛ እንሄዳለን አሉ። አያ ቸሩ ፍርድ አዋቂ ናቸው፤ ያየ ሰው ሳይኖር በሰው ላይ አልፈርድም፣ ኅዳር ሚካኤል ሊደርስ ሁለት ሳምንት አይሞላም፣ ታቦቱ ፊት ይማልና እንመነው ብለው ለመኑ። ማን ይስማቸው። የቆመው ነዶ ደርቆ አፉን መክፈት ጀምሯል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተራገፈ የዓመቱ ሰሊጥ መሬት ላይ ነው የሚቀረው። ሰሊጥ ሽማግሌ አይጠብቅም። አያ ቸሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉና፣ አንዱአምላክን ሳያዩት፣ ልጄ ጨርቅህን ያዝ አሉት።

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ መሀላቸው ገባሁ።

«ጠርጥርን የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለቱን፣ አይጡን፣ የጣሳውን ክዳን፣ በእግሬ የገፋሁትን አፈር፣ ያረጋል ያለኝን። ሲያልቅ ማሩ አማተበ።

«ዘቢብ? ቅዳሴ ላይ የምንቀበለው ዘቢብ መርዝ ነው እያልሽን ነው እትዬ ውባንች?»

ለውሻ ነው እንጂ ለሰው አይደለም አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ፌስታሉስ የታለ አሉኝ። አቃጠልኩት። ያስመለሰው? ከማድቤቱ ኋላ ሮጬ ሄጄ በእጄ ቧጠጥኩ፤ ዶሮና ጉንዳን ስድስት ቀን ሠርተውበታል፣ ከአፈር በቀር ያገኘሁት ነገር የለም። ለያረጋል ደውሉለት ብዬ ጮህኩ። አያ ቸሩ ሦስት ጊዜ ደወሉ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያቺ የስልክ ሴትዮ የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም አለች። አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ ሰኞ ዕለት ፍርፋሪ ነው ያለችው ራሷ አይደለችም እንዴ አለ። ሌላው፣ የሴት አንጀት አይችልም፣ ልጁ አሳዝኗት ነው አለ። ተቆጥቶ የተናገረኝ አንድም ሰው የለም። በደግነት ያዩኝ ጀመር፤ ይህን አልቻልኩትም።

አያ ቸሩ ተነስተው መጡና ትከሻዬን ያዙኝ።

«ስንት ዓመት አውቅሻለሁ ውባንች። የሚካኤልን ስለት ለውሻ የምትሰጪ ሴት አይደለሽም። ለሰው ብለሽ ራስሽን አታርክሺ።»

«በሚካኤል እምላለሁ አያ...»

«አትማዪ። የሐሰት መሐላ ለልጅሽ አይበጃትም።»

የምምለው እውነት ነበር። ነገር ግን መቅዲን ከመሐላ ጋር ሲያነሷት መሐላውን ተውኩት። ሁሉን ከተናገርኩ አይቀር ይህንም ልናገር፤ ሳያምኑኝ ሲቀሩ ከውስጤ አንድ ነገር እፎይ ብሏል። ድስቴ ተረፈ ብሏል። ሞክሬያለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ ብሏል። ረቡዕ ዕለት ብናገር ኖሮ ያረጋል እዚያው ሞተሩ ላይ ነበር፤ ሰኞ ብናገር ደግሞ ውሻውም በዳነ፣ መርዝ የሚባል ነገርም ባልተነሳ። ይህን እያወቅሁ ነው እፎይ ያልኩት።

ሠራተኛው ማጭዱን አንስቶ ወደ ነዶው ገባ። አንዱአምላክ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በገመድ አሰረና ወደ መኪና መንገዱ በእግሩ ወረደ። ማድቤት ገብቼ ያገኘሁትን ዳቦ በጨርቅ ቋጠርኩና ሮጬ ከግራሩ አለፍ ብሎ ደረስኩበት። ዳቦውን ተቀበለኝ። አሸተተውም፣ ገልጦም አላየውም፤ እንዳለ ከጥቅሉ ውስጥ ከተተው። ያን ሁሉ ቀን ሰው የሸሸውን ልጅ፣ ከእኔ እጅ ያለ ጥርጥር ሲቀበል አየሁት።

«ለእኔ ብለሽ መዋሸትሽን እስክሞት አልረሳውም» አለኝ። «ከዚህ ሁሉ ሰው ያመንሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

አልዋሸሁም አልኩት። እኔ ነኝ፣ በእናትህ ስማኝ፣ ዘቢቡን ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ አልኩት። ፈገግ አለ። ግድ የለም እትዬ፣ አሁን እኮ ሁለታችን ብቻ ነን፣ ለእኔ መድከም የለብሽም አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው የፈለገው፤ እኔን።

ጥቅሉን መሬት አስቀምጦ ጎንበስ አለና ቀኝ እጄን ይዞ ሳመው። ያን ዘቢብ ያፈሰሰውን እጅ፣ ያን የድስት ክዳን ለብቻው ያቀረበለትን እጅ።

«ይህች እጅ ትባረክ» አለ። «የነካችው ሁሉ ይባረክ። ከእጅሽ የበላ አይታመም።»

ቀና ብሎ ጠበቀኝ። ምርቃት መልስ ይፈልጋል፤ መንገደኛም ምርቃቱ አየር ላይ ቀርቶ አይሄድም። እንደገና እውነቱን ብነግረው እንደገና እንደሚያጽናናኝ አወቅሁ። ከሩቅ ማሩና ሌሎቹ ነዶ እያራገፉ ቀና ቀና እያሉ ያዩናል።

አሜን አልኩት።